ፊኛው ሳይነሳ ሱብሂ



በስልካችን የምናያቸው የቱርክና የዱባይ በረሃ ፊኛዎች ለምን በንጋት እንደሚነሱ ጠይቀን እናውቃለን? ፀሐይ ምድሩን ካሞቀችው በኋላ ነፋሱ ይረበሻል፤ አየሩ የሚረጋው ማለዳ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው ጎህ ሳይቀድ ከእንቅልፉ ተነስቶ ሜዳ ላይ ይገኛል። ፊኛው በእሳት እየሞቀ የሚነፋበት ያ ሰዓት በትክክል የሱብሂ ወቅት ነው።

በጂንካም ነገሩ ይኸው ነው። ቱሪስት ይዘው ወደ ማጎ ፓርክና ወደ ሙርሲ መንደሮች የሚወርዱ ሹፌርና አስጎብኚ ወንድሞቻችን ብዙ ጊዜ የሚነሱት በማለዳ ነው። "እንግዳው አስቸኮለኝ" ይባልና ሰላቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሰገዳል።

ወንድሞችና እህቶች! የአላህን ምድር ዞሮ ማየት ሐራም አይደለም፤ በላብ የተገኘ እንጀራም ሐላል ነው። ግን ወቅት ለማንም እንግዳ አይቆምም። ማታ ስንዋዋል "መንገድ ላይ ሱብሂ ቆመን እንሰግዳለን" ብለን እንንገረው። ውሃ ከታጣ ተየሙም አለ። ፈረንጁ የፀሐይን መውጣት ለማየት ዶላር ከፍሎ ይነሳል፤ እኛን የፀሐይዋ ጌታ በነፃ ጠርቶናል።

አላህ ወቅታቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!