መሪው አይጎትትም

እ.ኤ.አ. በ2024 በተካሄደው የፓሪስ ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌጤ በ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽላ የወርቅ ሜዳሊያ ስታገኝ፣ ከጎኗ መሪ ሯጯ ክንዱ ሲሳይ ነበር። በድሉ ሁላችንም ተደሰትን፤ ድሉን ስላስቻለው ስልት ግን እምብዛም አልተነጋገርንም።

ያየሽ የሮጠችበት ቲ11 የተባለው ምድብ ፈጽሞ ወይም ከሞላ ጎደል ማየት ለተሳናቸው አትሌቶች የተወሰነ ነው። ጥቂት ብርሃን የሚለይ ተወዳዳሪ ብልጫ እንዳያገኝ ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። አትሌትና መሪ በአጭር ገመድ ይያያዛሉ። የተያያዙት እጆች አብረው ስለሚወዛወዙ፣ አትሌቷ ግራ እግሯን ስትሰነዝር መሪው ቀኙን ይሰነዝራል። መሪው መጎተትም ሆነ መግፋት አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ ማለፍም አይችልም። በዚያው በፓሪስ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት የማራቶን ነሐሷን ያጣችው፣ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት የተዝለፈለፈ መሪዋን ለመደገፍ ገመዱን በመልቀቋ ነው።

በርዝመት ዝላይ ደግሞ መሪው ድምፅ ነው። ጠሪው እያጨበጨበ አቅጣጫውን ያመለክታል። አንጎላችን ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት ጊዜና ኃይል መካከል ያለውን ጥቂት ልዩነት አነጻጽሮ ምንጩን ያውቃል፤ ተመልካቹ ጸጥ እንዲል የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። መነሻውም ጠባብ ጣውላ ሳይሆን አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ስፍራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በያዮ የማይገኝ ምን አለ? አጭር ገመድ፣ የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ፣ አሸዋ፣ የሚያጨበጭብ እጅ! የኢሉባቦር ዝናብ ረጅም ነው፣ ሜዳውም ጭቃ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድብ ዝናብ የጠሪውን ጭብጨባ ይውጠዋል። ነገር ግን ጭቃው የሚያየውንም ያንሸራትታል፤ ዝላዩን ወደ በጋው ወራት ማዛወርም ይቻላል። የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ልምምድ ነው፦ በመጀመሪያ አብሮ መራመድ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ በመጨረሻም ሩጫ።

ማየት የተሳነውን ተማሪ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነጻ ማድረግ ርኅራኄ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ከሜዳው ማስወጣት ነው። መሪ ሯጭ የሚያስተምረን እርዳታ ማለት የሌላውን ሩጫ መሮጥ አለመሆኑን ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ጓደኛችሁን ዳር ተቀምጦ ብታገኙት፣ ገመድ ይዛችሁ ቅረቡት።