ስለ ደም ግፊትና ስለ ደጋፊ ሕክምናዎች

ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሶ ጧት ጧት የሚበላ፣ የሽፈራው ቅጠል አድርቆ እንደ ሻይ አፍልቶ የሚጠጣ፣ ወይም በጸበል የሚጠመቅ የደም ግፊት ሕመምተኛ በመካከላችን እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ከንቱ ልማድ ብለው ማናናቃቸው፣ ሕሙማኑ የሚያደርጉትን እንዲሰውሩ ከማድረግ በቀር ያመጣው ረብ ያለ አይመስለኝም።

ዕፀዋት ኃይል እንዳላቸው የሚክድ ቢኖር፣ ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ ሲገለገሉበት ከኖሩት ራውዎልፊያ ከሚባል ተክል ሥር ሬዘርፒን የተባለው መድኃኒት በ1952 እ.ኤ.አ. ተለይቶ መውጣቱን ያስታውስ፤ ነገር ግን ያ ሥር ለግፊት ሕክምና የበቃው ባሕርዩ ተመርምሮ፣ መጠኑ ተሰፍሮ፣ ጉዳቱም ተመዝግቦ ነው። ነጭ ሽንኩርትም ግፊትን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ ሆኖም ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር በብዛት ሲወሰድ መድማትን ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ሩቅ ያለውን ቅጠል ስንፈልግ በማዕዳችን ያለውን ጨው መርሳታችን ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ሲመክር፣ እኛ በበርበሬው፣ በሽሮው፣ ኋላም በወጡ ላይ እንደግመዋለን። (ጾማችንም ሥጋንና ቅቤን እንጂ ጨውን አይከለክልም።)

ጸበል የሚሻ ምእመን ይሂድ፤ ክኒኑን ግን ይያዝ፤ ይህ ደዌ ምንም ሕመም ሳያሰማ አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ፣ ደኅና ነኝ ማለት የመዳን ምስክር አይሆንም። በየጸበሉ ሥፍራ መድኃኒታችሁን ጣሉ የሚሉትንም ሰዎች የአድባራቱ አስተዳዳሪዎች በግልጥ ሊከለክሏቸው ይገባል።