ስለ ቴሌቪዥን ትምህርትና ስለ ጓሯችን እንሰት

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ትምህርት መሣሪያ መሻሻል በጋዜጣዎ ላይ ልዩ ልዩ አሳብ ሲቀርብ አነባለሁ። እኔም በሆሳዕና ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር እንደ መሆኔ መጠን የራሴን ታሪክ ለአንባቢዎችዎ፣ ይልቁንም በትምህርት ቢሮዎች ለሚሠሩት ወንድሞቼና እኅቶቼ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ፊደል የቈጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የነበሩት መምህራችን ስለ ሥር ሲያስተምሩ ከአጥሩ ሥር ሣር ነቅለው ያሳዩን ነበር። በ1998 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ግን ከአንድ ዓመት አስቀድሞ በመላ አገሪቱ የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ጠበቀኝ። ሁላችንም ‹‹ፕላዝማ›› እንለው ነበር። ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉን የሚናገረው እርሱ ነው፤ የሚናገረውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጥድፊያ። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥን አይቆምለትም። መምህራችን ከፍተውት በበሩ አጠገብ ይቆማሉ። ሆኖም ዘመናዊ ትምህርት መጣላችሁ ስንባል እንኮራ ነበር፤ ይህን አልክድም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ደስታችን ሌላ ነበር።

በዚያው ዓመት ስለ ባክቴሪያ ተምሬ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍሁ።

እናቴ የምትኖረው በከምባታ፣ ከአንጋጫ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ወደ እርስዋ ብሄድ በጓሮው ውስጥ የሁለት እንሰቶች ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠውልጓል። እናቴም፣ ‹‹ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ይህ ምንድን ነው?›› አለችኝ። ‹‹ውሃ ጠምቶት ነው፣ እማዬ›› አልሁና ቢላዋ አንሥቼ የጠወለገውን ቅጠል ቈረጥሁ። በዚያው ቢላዋ የጤነኞቹንም አስተካከልሁ። ከተቈረጠው ላይ የሚያዣ ቢጫ ፈሳሽ ነበር፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ፤ ከተማርሁት ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ዓመት ሳይሞላ ከ30 እግር በላይ እንሰት ጠፋ። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚፈጅ ነው። እናቴ ቆጮ ከገበያ ገዛች። እንሰት ተክላ ላሳደገች የከምባታ ሴት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ የኔ እጅ እንዳለበት አላወቀችምና።

ነገሩን የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከባክቴሪያ ሲሆን፣ ከተክል ወደ ተክል ከሚያዛምቱት ነገሮች ዋነኛው ቢላዋ ነው። ተረጭቶ የሚያድነው መድኃኒት የለም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውንም በእሳት መለብለብ ያስፈልጋል። ይህንን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ባልደረባቸው ብራድበሪ መርምረው በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አውጥተውታል። እኔ ቢላዋ ካነሣሁበት ቀን 38 ዓመት ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው!

ቴሌቪዥንን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የሣር ሥር በእጅ ተነቅሎ ይታያል፤ ሕዋስን አጉልቶ ያሳየኝ ግን ፕላዝማው ነው። ዛሬም ስለ ዲጂታል ትምህርትና ስለ ታብሌት ብዙ ይታሰባል። ታዲያ ይህ ሲታሰብ መምህሩ እንደ ፈለገ ሊያቆመው የሚችል፣ የአካባቢውን ተክልና የእናቶቻችንን ሥራ የሚያሳይ ፊልም በየዞኑ እንዲዘጋጅ ጥቂት በጀት ቢያዝ ምን ይጐዳል? በሆሳዕናም በዱራሜም ለዚህ የሚበቁ መምህራን አሉ።

እኔ በበኩሌ ባለፈው ክረምት እናቴ እንሰት ስትፍቅና ቢላዋዋን በእሳት ስትለበልብ በስልኬ ቀርጬ፣ ትምህርት ሲከፈት በፕሮጀክተር ለተማሪዎቼ አሳየሁ። ሀዲያውም ከምባታውም በየቋንቋው እንሰትን ‹‹ዌሳ›› ስለሚለው ሁሉም ባንድ ድምፅ ‹‹ዌሳ!›› ብለው ጮኹ። ጥያቄው ስለ በዛ ስድስት ጊዜ አቆምሁት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የሀዲያ ልጅ፣ ‹‹መምህር፣ አታካናውስ መቼ ነው?›› ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀው። አታካና ከቡላና ከቅቤ ለእንግዳ የሚሠራ የክብር ምግብ ነው።

ደወል ከተደወለ በኋላ አንዲት ተማሪ ወደ እኔ ቀርባ፣ ‹‹መምህር፣ ቢላዋችንን ለጎረቤት አውሰናል፤ እባክዎ ፊልሙን ይላኩልኝና ለአባቴ ላሳየው›› አለችኝ። ወዲያው ላክሁላት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከሆሳዕና