ከዙህር እስከ መግሪብ



በድሬዳዋ ልጅ በሚያሳድጉ ቤቶች ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን አስቀምጦ ኳሱን ይዞ ይወጣል። እናት «ይሄ ኳስ ትምህርትህን በላው!» ትላለች። አባት ዝም ይላል፤ ወይም እሱም በወጣትነቱ ተጫዋች ከነበረ በልቡ ይስቃል። የእናት ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ልጆቻችንን ከደብተራቸው ላይ የሚሻማን ኳሱ ብቻ ነውን?

የድሬን ውሎ የሚያውቅ ሰው መልሱን አያጣውም። ሙቀቱ ሲበረታ ከዙህር በኋላ ጎዳናው ጭር ይላል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ምሳ ተበልቶ ጋደም ይባላል። በርጫ የሚዘረጋውም በዚሁ ሰዓት ነው። ታላላቆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ታናሹ መጀመሪያ ውሃ ያቀብላል፣ ከዚያ ለስላሳ ለመግዛት ይላካል፣ ከዚያ ጥግ ይዞ ወሬ ያዳምጣል፣ ከዚያ አንድ ዘለላ ይሰጠዋል። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም «ትምህርትህን በላው» አላለም፤ ምክንያቱም ልጁ ከቤት አልወጣም፣ ልብሱም አልቆሸሸም። ኳስ ሲያሯሩጥ የዋለ ልጅ ግን ዒሻውን ሰግዶ፣ ራቱን በልቶ እንደ ድንጋይ ይተኛል። ጫት ይዞ ያመሸው ዓይኑ ፈጥጦ ያድርና ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። አስተማሪዎች ሁለቱን ለይተው ያውቋቸዋል።

ድሬዳዋ የስፖርት ከተማ ናት ሲባል ባዶ ሙገሳ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፣ በ1950ዎቹ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ቡድን የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግማ ወስዳለች። ሰው ቡድኑን «ኮተን» ይለው ነበር። በየካቲት 1968 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድም ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚሁ ድሬ ላይ ነበር። ዋንጫውን ይዛ የሄደችው ሞሮኮ ናት።

የዛሬው ልጅ ግን የሚያልመው ውጭ አገር ነው። ለዚህም ከራሱ ከተማ የወጣ አብነት አለው። ፉአድ ኢብራሂም በ1983 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሚኔሶታ ውስጥ አደገ። በ1999 ዓ.ም. ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ ኤፍ ሲ ዳላስ የተባለው ክለብ መረጠው። በዚያ ሊግ ከእርሱ በዕድሜ አንሶ የገባው ፍሬዲ አዱ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቶሮንቶ፣ ቀጥሎም ወደ አደገበት ሚኔሶታ። ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ቡድናችንን ማልያ ለብሶ ደቡብ አፍሪካ ተገኘ። ለአንድ የድሬ ልጅ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ልብ በሉ፦ ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አንድ ሲሆን ሦስት ክለቦችን አዳርሶ ነበር። ከሺህ ልጆች መካከል የተመረጠው እንኳ እንዲህ ከክለብ ክለብ ይዘዋወራል። በተጫዋችነት ዘመን ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት እርጅና ነው፤ አንድ የተጎዳ ጉልበት ደግሞ በሃያ ዓመትም ሊያበቃው ይችላል። «ትምህርቱን ትቶ ኳሱን ይያዝ» የሚሉ አጎቶች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላልን? እዚህ ላይ ሲፋን ሐሰንን ላንሣ። አዳማ ተወልዳ በአርሲ ገጠር ያደገችው ይህች ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በዐሥራ አምስት ዓመቷ ስደተኛ ሆና ሆላንድ ገባች። ቋንቋው አዲስ፣ ብርዱ አዲስ፣ ሰዉ አዲስ። እዚያ የያዘችው መንገድ ነርስነትን መማር ነበር። ሩጫውን የጀመረችው ከዚያው ትምህርት ጎን ለጎን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011ም አይንድሆቨን ከተማ ውስጥ ግማሽ ማራቶን አሸነፈች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሜዳሊያዋን ነው፤ እኔ ግን የምትገርመኝ በዚያ ዘመኗ ነው፤ ገና ማንም ሳያጨበጭብላት፣ ሕሙማንን ለማስታመም እየተማረች የሮጠችው ልጅ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ሐምሌ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጠዋት በ1500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ላይ ወደቀች፤ ተነሥታ ሁሉንም አልፋ አንደኛ ወጣች፤ በዚያው ዕለት ማታ በ5000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የለንደን ማራቶንን የሮጠችው ረመዷን ባለቀ በቀናት ውስጥ ነበር። ወሩን እየጾመች ስለተለማመደች፣ እየሮጡ ውሃ ማንሣትና መጠጣትን በወጉ አልተለማመደችም። መንገድ ላይ ዳሌዋን አሟት ቆማ አፍታታች። አሁንም አሸነፈች።

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሳ፣ ሜዳሊያዋን ለመቀበል ሒጃብ ለብሳ ቆመች። የአዘጋጇ አገር የራሷን ሙስሊም ሴት ስፖርተኞች ፀጉራቸውን በሒጃብ እንዳይሸፍኑ ከልክላ በነበረበት በዚያው ውድድር ማለት ነው። ስለ ሩጫ ልብሷ አንባቢ የተለያየ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል፤ የእኔ ጉዳይ እሱ አይደለም።

ስለ ሌላው ጉዳይ፣ ጎረቤትን ስለማገልገል፣ ድሬ ከማንም ምክር አትፈልግም፤ አፎሻ አላትና። ሠርግ ሲሆን ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘን ሲሆን አግዳሚ የሚሸከመውና ውሃ የሚያመላልሰው ወጣቱ ነው። የደቻቱን ነገርም ማን ይረሳዋል? ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ያ ደረቅ አሸዋ፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ ወሰደ፤ ብዙ ሺህ ሰው ያለ ቤት ቀረ። እንዲህ ባለ ሌሊት ሮጦ በር የሚያንኳኳ፣ አሮጊት አዝሎ ዳገት የሚወጣ ጉልበት ያስፈልጋል። ያ ጉልበት ከበርጫ ላይ ተነሥቶ አይመጣም።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ የልጃችሁን ሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ከራሱ ጋር በወረቀት ላይ አስፍሩት። ትምህርት ቤት፣ ቁርኣን፣ ጥናት፣ የቤት ሥራና መላላክ። ከዙህር እስከ ዐስር ሙቀት ነውና ቤት ውስጥ ደብተሩ ይከፈት፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ሜዳው ይሁን፤ አዛን ሲል ይመለስ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ደግሞ ለአፎሻው ወይም ለታናናሽ የሰፈር ልጆች ማስጠኛ ይቀመጥ። ውጤቱ ከወረደ ሜዳው ለጊዜው ይቀነስ፤ ጨርሶ አይዘጋ። ሜዳው የተዘጋበት ልጅ የት እንደሚቀመጥ ከላይ ተነጋግረናልና።

ይህን ሁሉ ስል «ልጁ፣ ልጁ» እያልኩ መጣሁ። ልጅቷስ? ወንድሟ ኳስ ሲወጣ እሷ ዕቃ ታጥባለች፤ ስታድግም «ሴት ልጅ ሜዳ ምን ትሠራለች» ይባላል። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የስፖርት መምህራንና የወላጆች ኮሚቴዎች ሜዳው በሳምንት ሁለት ቀን ለሴቶች ብቻ የሚሆንበትን ሰዓት ቢመድቡ፣ ለዚህ ገንዘብ አይጠይቅም። በር የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ ሴት አሠልጣኝ ወይም አንዲት ታላቅ እህት ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ቢሆን ይመረጣል።