ከባቄላ ሥር ያለው ፋብሪካ
ያበበ ባቄላ ነቅለው ሥሩን ቢያዩ ትናንሽ እባጮች ያገኛሉ፤ በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናቸው። ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ቤየሪንክ በ1888 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣቸው ባክቴሪያዎች እዚያ ተቀምጠው የአየሩን ናይትሮጂን ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። ዩሪያ የተባለውን የናይትሮጂን ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ አገራችን እነዚህን ባክቴሪያዎች ዕድሜ ልኩን የሚያጠና ተመራማሪ ብትቀጥር ቅንጦት አይመስለኝም።

«ጤፍና ስንዴ እንዲህ ያለ እባጭ አያወጡም፤ ማዳበሪያው አይቀርም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አይቀርም። ገበሬው ግን ባቄላ በበቀለበት መሬት በቀጣዩ ዓመት ስንዴ የሚዘራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከባቄላው የተረፈው ናይትሮጂን ለስንዴው ይደርሳል። ባክቴሪያው ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም፤ አሲዳማው የደጋ አፈር ያዳክመዋል፣ መሬቱም ኖራ ይፈልጋል። የትኛው የባክቴሪያ ዝርያ የትኛውን አፈር እንደሚችል የሚታወቀው በየማሳው፣ ከዓመት ዓመት በመሞከር ነው፤ የሁለት ዓመት ፕሮጀክት (ያውም ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀር) ለዚህ አይበቃም።