የዓሣ ሠርግና የብርብራ ነገር

መንዝ የገብስና የበግ አገር ስለ ሆነ፣ ከዚህ ስለ ዓሣ የሚጽፍ ተማሪ ቢገኝ አንዳንድ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። ነገር ግን ከደጋው ወርዶ ወንጪትን፣ በመርሐ ቤቴም በኩል ጀማን ያየ ሰው በገደሉ ሥር አምባዛ የሚባለው ባለ ጢም ዓሣ እንዳለ ያውቃል።

ባለፈው ዓመት በሰኔ መግቢያ አጎቴን ልጠይቅ ወርጄ ሳለሁ፣ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በማታ ወንዙ ውስጥ ሲበትኑ አየሁ። ሲነጋ ትልቁም ትንሹም ዓሣ በጀርባው ተንሳፍፎ ተገኘ። ትልቁ ተለቀመ፤ ጣት የሚያህለው ለአሞራ ቀረ። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ብጠይቅ አጎቴ፣ «ልጄ፣ ክረምቱ ሌላ ያመጣል» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው መልሳቸው ነው።

ክረምቱ ዓሣ ከየት ያመጣል? ዓሣ እንዳጋጣሚ አይራባም፤ ሰዓትም ምልክትም አለው። የካናዳ ሊቃውንት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1987 ስለ ወርቃማው ዓሣ እንዳስረዱት፣ ሴቲቱ እንቁላል ለመጣል ስትቃረብ ከሰውነቷ ሆርሞን ወደ ውሃው ይወጣል። ወንዱም ይህን በአፍንጫው ሲለይ ዘሩን ያዘጋጃል። ከ3 ቢሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ብቻ ቢኖር ያሸተዋል! ነገሩ እንደ ሠርግ ነው፤ ጠሪው አስቀድሞ ይላካል። የመጀመሪያው ሽታ በሌሊት ይወጣል፤ እንቁላሉ ሲደርስ ሌላ ሽታ ይከተላል፤ ጎህ ሲቀድም ይጋባሉ።

አምባዛ የወርቃማው ዓሣ የቅርብ ዘመድ ባይሆንም እርሱም በሽታ ይጠራራል። እንቁላሏ የደረሰ ሴት አምባዛ ከወንዱ የዘር ፈሳሽ በሚወጣ ሽታ እንደምትሳብ የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ በገንዳ ውስጥ አሳይተዋል። የራሳችንን ወንዝ ዓሣ ጠባይ ከሆላንድ ገንዳ መማራችን ግን ትንሽ ያሳፍረኛል። አምባዛ የሚጋባው ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲሞላ፣ በሌሊት፣ ውሃ በተኛበት ሣራም ዳርቻ ነው። እንግዲህ በሰኔ ማታ የሚበተን ብርብራ የሚወድቀው በሠርገኞቹ ላይ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቲኖን የሚባል መርዝ የዓሣው አካል በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ስለሚያግድ፣ እናትንና ጫጩትን አይለይም።

በጣና ሐይቅ የሆነውም ይህን የሚመስል ነው። ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች የሚወጡት ላቢዮባርበስ የተባሉ ዓሦች በወንዝ አፍ በመረብ ስለ ተያዙ፣ በ1990ዎቹ ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሏል። በዚያም የብርብራ መርዝ ተጨምሮበታል።

ዓሣ አይበላ አልልም፤ የቆላ ሰው ልጆቹን የሚያበላበትን መከልከል ለእኔ ለተማሪው አይገባኝም። መንጠቆ አለ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብም አለ። ብርብራው ግን ፈጽሞ ይቅር፤ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ሌሊቱ ለዓሣዎቹ ይተውላቸው። ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የጓሳ ሣር እስኪደርስ ድረስ ለዓመታት ከማጭድና ከከብት ይከለክሉት ነበር። ለሣር የተቻለ ትዕግሥት ለሁለት ወር ሌሊት እንዴት ያቅታል?

አጎቴ ገና አልተስማሙም። ዘንድሮ ሰኔ ግን ብርብራ ሳይበተን አንድ ሌሊት ከወንዙ ዳር አብረውኝ ሊያድሩ ቃል ሰጥተውኛል።