ሞረዱና የአባባ እጅ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጄ እኛ ዘንድ መጣች። ዕድሜዋ 12 ነው። እናቷ ለሥራ ዱባይ ከሄደች 4 ዓመት አልፏታል። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ እንዳትውል ብዬ «ነይ፣ ዕቃ ቤቱን እናጽዳ» አልኳት። ከጆንያዎቹ ሥር የባለቤቴ የፎቶ ማጉሊያ ወጣ።

ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ነበር። ማጉሊያውን የገዛው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስንትና ስንት የሠርግና የክርስትና ፎቶ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ አውጥቶበታል። ዲጂታል ሲመጣ ፎቶ ቤቱን ዘጋ። ከ2 ዓመት በፊት ደግሞ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ደከመ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችውን ኳስ ጨብጥ ስለው «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ዕድሜዬን ሙሉ ሕመምተኛ ስመክር ኖሬ ምክሬ እቤቴ ውስጥ አልሠራ አለ።

ልጅቷ ማጉሊያውን ስታይ «አባባ፣ ይሠራል?» አለችው። ገመዱና አምፖሉ ተቀይረው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ከታዩ በኋላ በራ። የጠፋው የኔጋቲቭ መያዣው ብቻ ነው። መያዣ ማለት ኔጋቲቩን እንደ ሳንድዊች መሐል አድርገው የሚይዙ ሁለት ዝርግ ብረቶች ናቸው፤ መሐላቸው ላይ መስኮት አላቸው። ብርሃኑ ከላይ መጥቶ በዚያ መስኮት፣ ከዚያም በሌንሱ አልፎ ታች ወረቀቱ ላይ ያርፋል። መያዣው ዝርግ ካልሆነ ፎቶው ግማሹ ጥርት ብሎ ግማሹ ይደበዝዛል። «እንሥራው» አለች። ባለቤቴ ቀኝ እጁን አየና ዝም አለ። ቀጥሎ «አንቺ እጅ ትሆኛለሽ፣ እኔ ዓይን እሆናለሁ» አላት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ መልሴ «አይሆንም» ነበር። ብረት ሲሞርዱና ሲቆርጡ ዓይናቸው ውስጥ ብናኝ ገብቶ የመጡ ስንት ወጣቶች አይቻለሁ። በኋላ ግን ከመከልከል ይልቅ ሕግ ማውጣቱን መረጥኩ። ሕጎቼ 3 ነበሩ፦ መከላከያ መነጽር ሳይደረግ ሥራ አይጀመርም፤ ሻሽ፣ ነጠላና የተለቀቀ ጸጉር ትራፓኖ አጠገብ አይደርስም፤ ትራፓኖ ሲዞር ጓንት አይደረግም፣ ጓንቱን ይዞ ጣትን ይጠመዝዛልና።

ሰፈራችን ካለው የአሉሚኒየም በርና መስኮት ቤት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ላሜራ አገኘን። መጀመሪያ ልኩን በካርቶን ሠርተው ማጉሊያው ውስጥ ሞከሩት። ከዚያ ካርቶኑን ላሜራው ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በምስማር ጫፍ ጫሩ። ላሜራው ሲቆረጥ እንዳይንቀጠቀጥ በሁለት ጣውላ መሐል አድርገው ከጎረቤት በተዋስነው ሞርሳ አሰሩት። የሴጌቶው ጥርስ ወደፊት ይዞራል፤ ሲገፋ ይቆርጣል፣ ሲመለስ አይጫኑትም። የሚቆረጠውም መስመሩ ላይ ሳይሆን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ነው። የተረፈውን ሞረድ ይጨርሰዋል።

መስኮቱ ከባድ ነበር። የተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። በመስመሩ ውስጥ ዙሪያውን በእጅ ትራፓኖ በሱ፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን የሽቦ መጋዝ አገናኙ፣ መሐሉ ሲወድቅ ወርቅ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ዓይነት ትንንሽ ሞረድ ጠርዙን አስተካከሉ። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ የሞረዱን ጥርስ ይደፍነዋል፤ የደፈነው ደግሞ ሥራውን ይቧጭራል። ባለቤቴ ሞረዱን ቀድመሽ በጠመኔ ቀቢው አላት፤ እውነትም ብናኙ እንደ ቀድሞው አልተጣበቀም። የተጣበቀውን በሽቦ ብሩሽ በጥርሱ አቅጣጫ ይጠርጉታል።

ሞረድ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፤ አንዱ እጀታውን ይገፋል፣ ሌላው ጫፉን ይመራል። ልጅቷ እጀታውን ያዘች። ባለቤቴ ማንም ሳይነግረው የደከመ ቀኝ እጁን ጫፉ ላይ አሳረፈ። «ቀስ፣ እናቴ፣ አትሩጪ፤ ሞረድ ችኩል አይወድም» ይላታል። በዚያ ከሰዓት እጁን ያንቀሳቀሰው በኔ ኳስ በወር ካንቀሳቀሰው ይበልጣል።

እኔም አንድ ነገር አዋጣሁ። በወጣትነቴ የመርፌ ጫፍ እየተቀቀለ ተመልሶ ይሠራበት ነበር። ጫፉ መታጠፉን የምናውቀው ጥጥ ላይ ጎተት በማድረግ ነው፤ ከታጠፈ ጥጡን ይይዛል። መስኮቱን «ጨርሰናል» ሲሉኝ ጥጥ አምጥቼ ጠርዙ ላይ አሳለፍኩት። በሁለት ቦታ ያዘ። በጣት የማይታወቅ ያ ስለት ኔጋቲቩን ይጭረዋል፤ የተጫረ ኔጋቲቭ ደግሞ አይመለስም። በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ አለሰለሱት። በመጨረሻ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የመስኮቱን ውስጠኛ ጠርዝ በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት።

ያሰብኩት አደጋም ደረሰ፤ በልጅቷ ግን አይደለም። ሻይ ላፈላ ገባ ስል ባለቤቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደ ድሮ ልማዱ ብናኙን በአፉ «ኡፍ» አለው። ብናኙ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤታችን ማግኔት ይዛ መጣች፤ ደግ አሳቢ ናት፣ ግን አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም። ብረትም ቢሆን ዓይን ላይ በቤት ማግኔት አይሞከርም። ሌላዋ በነጠላ ጫፍ ላውጣ አለች። ሁለቱንም አመስግኜ አስቀመጥኳቸው።

ምን እንዳደረግኩ ልብ በሉ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ እንዳያሸው እጁን ያዝኩ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታመመው ዓይን በኩል አዘንብዬ ንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ከአፍንጫው ወገን ወደ ውጭ እያፈሰስኩ 15 ደቂቃ ያህል አጠብኩት። ብናኙ ወጣ። ቢሆንም በማግሥቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ብናኝ ወጥቶም የዓይን ብሌን ተጭሮ ሊሆን ይችላልና። የተሰካ ነገር ከታየ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ደም ካለ ግን አትጠቡ፣ አትንኩ፤ ሳትጫኑ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ሸፍናችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። ክብሪት እንጨት፣ ምላስና የነጠላ ጫፍ የዓይን መሣሪያ አይደሉም።

ጣት ከተቆረጠ ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ሳትገላልጡ 10 ደቂቃ ተጫኑት፤ ሲቆም በውሃና በሳሙና እጠቡት። ቡና ወይም አመድ አትነስንሱበት። እንደ ባለቤቴ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላል፤ ካልቆመ ጤና ጣቢያ አትዘግዩ። የስኳር ሕመምተኛም ትንሹን ቁስል አይናቅ። አያቶች ሆይ፣ የልጆቹን ክትባት ካርድ እንቆጥራለን፤ የራሳችንን የቲታነስ ክትባት መቼ እንደወሰድን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ቁስል ሲያጋጥም ይህንን ጠይቁ።

በ6ኛው ቀን ማታ መጋረጃውን ዘጋን። ኬሚካልም የፎቶ ወረቀትም አልነበረንም። ባለቤቴ ከድሮ ሣጥኑ አንድ ኔጋቲቭ አወጣና መያዣው ውስጥ አስገባ። መብራቱ ሲበራ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነ ምስል ወረደ። ልጅቷ በስልኳ አንስታ ቀለሙን ገለበጠችው። የ6 ዓመት ልጅ የፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። እናቷ ናት።

ያኑ ማታ ዱባይ ላከችላት። ልጃችን ደወለች፤ መጀመሪያ ድምፅ አልነበራትም። ከዚያ «ይህን ማን አወጣው?» አለች። ልጅቷ «እኔና አባባ» ብላ መለሰች። ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለ፤ በቀኝ እጁ።

ሞረድ ስትሮክን ያድናል እያልኩ አይደለም። ጣቶቹ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም፤ መድኃኒቱም ፊዚዮቴራፒውም አልቆመም። ግን ኳሱን አሁን ሳልለምነው ይጨብጣል፤ «ለመስኮቱ ሥራ ነው» እያለ። ሁለተኛ መያዣ ጀምረዋልና።

በየቤታችሁ ሥራ የፈታ አያትና ስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ካሉ፣ መሐላቸው አንድ ሥራ አስቀምጡ። መነጽሩን ግን አትርሱ፤ ለሁለቱም።